የቅርቡ እግር

ራንዳል ሹካ ፍለጋ መጀመሪያ ሶፍቱን ገለጠ፤ ከዚያ ሳህኑን አነሳ፤ በመጨረሻም አጎንብሶ ጠረጴዛው ሥር አየ። ሹካ የለም። ቢላም የለም። ከፊቱ የተቀመጠው አንድ ሙሉ የተጠበሰ ዶሮ፣ የበቆሎ እሸት፣ ግማሽ ድንችና በባለጆሮ ሳህን የቀረበ ሾርባ ነው።

"ሹካችሁን ማን ሰረቃችሁ?" አለ።

"እዚህ ቤት ሹካ ገብቶ አያውቅም፣ ማሬ" አለችው ታሚ የምትባለው አስተናጋጅ፣ ቀዝቃዛውን ሻይ እየቀዳች። "ፈረሶቹም ያለ ሹካ ነው የሚበሉት። አንተ ከነሱ ትበልጣለህ?"

"እሱን ሚስቴን ጠይቂያት።"

ሚስቱ ዳርሊን ግን ለቀልድ ጆሮ አልነበራትም። ዓይኗ አባቷ ላይ ነው። ሄርሸል ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዶሮውን በእጁ ገነጣጥሎ በጸጥታ ይበላል። ደህና ይበላል። ደህና መብላቱ ራሱ አሳዘናት።

ሄርሸል በኬንታኪ ተራሮች ውስጥ ኀምሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፈረስ ጫማ ሲመታ የኖረ አንጥረኛ ነው። ሚስቱ ዊልማ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ባለፈው ጸደይ ነገሩ ተበላሸ። የመኪናው ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ከእንቁላሉ ጎን ተገኘ። የልጅ ልጁን ኬንድራን ሁለት ጊዜ "ዊልማ" ብሎ ጠራት። አንድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት በሆነው የከብት መኖ መደብር ደጃፍ ቁጭ ብሎ ተገኘ። ዳርሊን አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ስልክ ደወለች። ሌክሲንግተን ያለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል ያዘላት። ማክሰኞ ሐኪማቸው ሽማግሌውን ሊያይ ቀጠሮ አለ፤ ከዚያ ወዲያ መፈረም ብቻ ነው።

ይህን ባሏ ያውቃል። ፓስተሩ ያውቃል፤ ጎረቤቱም ያውቃል። ሄርሸል ብቻ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ከማክሰኞ በፊት ቤተሰቡ ወደ ቴነሲ ለእረፍት ይውረድ ያለችው ዳርሊን ናት፤ ለአሥር ሰዓቱ የፈረስ ትርዒት ትኬት የቆረጠችውም እሷው ናት። አባዬ ፈረስ ይወዳል፤ እየበላ ፈረስ ይይ አለች። አሁን ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስታየው፣ ለበዓል የሚታረድ በግ በዋዜማው የምታጠግብ መሰላት።

መብራቱ ደመቀ። ከበሮ ተመታ። ፈረሶቹ ከበሩ ሥር የተነጠፈውን የእንጨት ርብራብ እየረገጡ ወደ አሸዋው ሜዳ ወጡ፤ ሃያ ይሆናሉ። ተመልካቹ ሜዳውን ከቦ ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ ነው፤ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ ተብሎ ተከፍሏል። ቀዮቹ ወለሉን በእግራቸው ሲደልቁ ሰማያዊዎቹ ያፏጫሉ። የአሥር ዓመቷ ኬንድራ ለቀዮቹ ጮኻ ጮኻ ድምጿ ገና ካሁኑ ተዘግቷል።

ፈረሶቹ ዞረው ወጡና እንደገና ገቡ። ያኔ ሄርሸል የያዘውን የዶሮ እግር አፉ ጋ ሳያደርስ አቆመው።

"ሰማሽ?" አለ።

"ምኑን አባዬ?"

"ዳማውን ፈረስ። ከነጩ፣ ከአምባላዩ ጎን ያለውን። እንጨቱን ሲረግጥ ሦስቱ እግሮቹ አንድ አንድ ድምፅ አላቸው፤ አንዱ ሁለት አለው። ጫማው ላልቷል።"

ዳርሊን አዳመጠች። የሰማችው ከበሮ፣ ፉጨትና የሕዝብ ጩኸት ነው። እስከ ዛሬ ይረሳ ነበር እንጂ የሌለ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

"ብላ አባዬ፤ ይቀዘቅዝብሃል።"

"ይቀዝቅዝ። አስተዋዋቂው ምን እንዳለ አልሰማሽም? ከአሳማዎቹ ሩጫ በኋላ አንዲት ልጅ አንድ እግሯን ዳማው ላይ፣ አንዱን አምባላዩ ላይ አድርጋ ቆማ በእሳት ቀለበት ልትዘል ነው። በዚያ ጫማ? አንገቷን ትሰበራለች።" ቅባት በነካው እጁ ታሚን ጠራት። "እመቤት፣ ለፈረሶቹ አለቃ አንድ ነገር አድርሺልኝ። የዳማው፣ የቅርቡ የኋላ እግር፣ ጫማው ላልቷል። አንስተው ይዩት።"

ታሚ ዳርሊንን አየቻት። ሰዎች በሽማግሌ ራስ ላይ የሚለዋወጡት አንድ ዓይነት አስተያየት አለ፤ "ይኸው ነው አይደል?" የሚል። ዳርሊን ያንን አስተያየት ትጠላዋለች። ብትጠላውም ዛሬ ግን ራሷ መለሰችው።

"እነግራቸዋለሁ አቶ ሄርሸል" አለች ታሚ። ሆኖም ደግ ሴት ናትና በእርግጥም ሄደች።

ሦስት የአሳማ ግልገሎች በሜዳው ላይ ተለቀቁ። ቀዩን ጨርቅ የለበሰችው መንገድ ላይ ቆማ የወደቀ ፈንዲሻ መልቀም ጀመረችና ቀዮቹ ተሸነፉ። ራንዳል "ይቺ የእኔ ዘመድ ናት" አለ። ማንም አልሳቀለትም። ሄርሸል ዶሮውን ትቶ በሩን ብቻ ያያል።

ታሚ ተመለሰች። "ጭንቅ አይግባዎት አቶ ሄርሸል። እግሩን አንስተው አይተውታል፤ ሚስማሩ ሁሉ ጥብቅ ነው።"

"አዩት?"

"በዓይናቸው አዩት።"

ሄርሸል ራሱን ነቀነቀ። ሶፍቱን አነሳና ጣቶቹን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመረ፣ ሥራ ጨርሶ ዕቃ እንደሚሰበስብ ሰው። "እንግዲህ ጆሮዬም ሄደ ማለት ነው" አለ።

"ጆሮዬም" ነው ያለው። ያቺ "ም" ዳርሊንን እንደ ሚስማር ወጋቻት። ከጆሮው በፊት ሌላ የሄደ ነገር እንዳለ ራሱ ያውቃል ማለት ነው። ራንዳል እንኳ ቀልዱን ትቶ ሾርባውን ፉት አለ።

አሁን ነገሩ ለየለት ብሎ የዳርሊን ልብ ማረፍ ነበረበት። ያረፈ መስሏትም ነበር፤ ሐዘኑ ሐዘን ቢሆንም ጥርጣሬው አለቀ። ማክሰኞ ትፈርማለች። ታሚ ባዶ ሳህኖቹን እየደራረበች፣ ዳርሊንን ለማጽናናት ያህል ወደ ጆሮዋ ተጠግታ ጨመረችላት፦

"አትፍረጂባቸው፣ ልክ አባትሽ እንዳሉት ነው ያደረጉት። በእኛ በኩል ያለውን የኋላ እግር ነው ያዩት።"

"በእኛ በኩል?" አለች ዳርሊን።

"አዎ ማሬ። ቅርቡን አይደል ያሉት? ፈረሶቹ ሲዞሩ ለእኛ የሚቀርበው ቀኙ ነው። ቀኙን እዩ ብዬ ነገርኳቸው።"

የዳርሊን አፍንጫ ላይ የተቃጠለ ኮቴ ሽታ መጣ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ፈረስ ሥር አጎንብሶ ሚስማሮቹን በከንፈሩ ይዟል፤ እሷ የፈረሱን የአንገት ገመድ ይዛ ቆማለች። በሚስማር የተሞላ አፍ ብዙ አያወራም። "ቅርብ" ይላል፤ "ሩቅ" ይላል፤ እሷም ፈረሱን ወደዚያ ታዞርለታለች። ሰው ወደ ፈረስ የሚጠጋው በግራ ነው፤ የሚወጣበትም በግራ፤ ስለዚህ በፈረሰኞች አፍ ግራው ሁሉ ቅርብ፣ ቀኙ ሁሉ ሩቅ ነው። አንድ ቀን ተሳስታ በቀኝ በኩል ቆማ ሳለ "ለእኔኮ የሚቀርበኝ ይሄ ነው" ብትለው፣ ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ ስቆባታል። "አንቺ የትም ቁሚ ልጄ፣ ቅርቡ ቅርብ ነው። አይለወጥም።"

"ግራውን ነው ያለው" አለች ዳርሊን። "ራንዳል፣ ግራውን ነው ያለው!"

"ማን?"

እሷ ግን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፤ እጇ ቅቤ ነክቶት የደረጃው ብረት አዳልጧት ነበር። መብራቱ እየደበዘዘ፣ በሜዳው መሀል የእሳቱ ቀለበት እየተቀጣጠለ ነው። በሩ አጠገብ ሬዲዮ የታጠቀች ትከሻ ሰፊ ሴት መንገዷን ዘጋችባት፤ ደረቷ ላይ "ኦፓል፣ የፈረሶች ኀላፊ" ይላል።

"እዚህ መግባት አይቻልም፣ እመቤቴ።"

"ቅርቡን ነው ያለው! አባቴ፣ ስለ ዳማው ያስነገረው ሰውዬ። ቅርቡ የኋላ እግር ነው ያለው፤ አንጥረኛ ነው አባቴ!"

የኦፓል ፊት ተለወጠ። "ቅርብ ነው ያለው? ለእኔ የደረሰኝኮ 'በተመልካቹ በኩል' የሚል ነው።" ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ዳማው አጠገብ የቆመችውን ባለቀይ ቀሚስ ልጃገረድ አንድ እግሯ የፈረሱ ጀርባ ላይ ሳለ "ውረጂ" አለቻትና ጎንበስ ብላ የግራውን የኋላ እግር አነሳች።

ጫማው እጇ ላይ ተንጠለጠለ። ከስምንቱ ሚስማር የቀረው ሁለት ብቻ ነው።

ኦፓል የጌታን ስም ጠራች። ልጃገረዷ ጫማውን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሌላ ፈረስ! ቶሎ!" ተባለ፤ ሰው ወዲህና ወዲያ ተራወጠ።

ዳርሊን እዚያው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። አባዬ አልሄደም። እዚህ ነው። ስለ ልጃገረዷ አንገት ያሰበችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ለዚህም አፈረች፤ እፍረቱ ግን ደስታዋን አልቀነሰባትም።

ስትመለስ ሄርሸል ቀና ብሎ አያት።

"ላልቷል አባዬ። በሁለት ሚስማር ነው የቆመው።"

"እኮ አላልኳችሁም?" ይል ነበር ሌላ ሰው ቢሆን። ሄርሸል "የትኞቹ ሁለት?" አለ።

"አላየሁም።"

"ማየት ነበረብሽ" አለና ሳህኑን ወደ ራሱ ጎትቶ የተወውን ዶሮ ቀጠለ። ልጃገረዷ በሌላ ፈረስ ቆማ በእሳቱ ውስጥ ስታልፍ ኬንድራ በተዘጋ ድምጿ ጮኸች። ዳርሊን ከአባቷ ሳህን ላይ አንድ ቁራሽ ነጥቃ በላች፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ትርዒቱ ሲያልቅ ኦፓል ራሷ ጫማውን ይዛ መጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው። "አቶ ሄርሸል፣ ያን ሁሉ ከበሮ አልፎ እንዴት ሰሙት?"

"ከበሮ ነበር እንዴ?" አላት። እየቀለደ ይሁን አይሁን ማንም አላወቀም።

ውጭ ፀሐይዋ ገና ነበረች። መኪና ማቆሚያው ወንዝ ያህል ሰፊ ነው፤ ራንዳል መኪናቸውን የት እንዳቆመ ጠፋው። ቁልፉን ወደ ሰማይ እየቀሰረና እየተጫነ በመኪኖቹ መሀል ዞረ፤ ኬንድራ እየሳቀችበት ተከተለችው። አባትና ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ። ሄርሸል ጫማውን ያገላብጣል።

"ቅርብን ረሳሽው?" አላት።

"ረሳሁት አባዬ።"

"ስንት ዓመት ገመድ ይዘሽልኝ!"

"ሰባት ዓመት።"

"ባልሽም መኪናውን ረስቷል።" ሚስማር የተነቀለባቸውን ቀዳዳዎች በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "እንግዲያ ማክሰኞ ሦስታችንንም ይዩን።"

ዳርሊን ወደ እሱ ዞረች። "ማን ነገረህ?"

"ከበሮ አልፌ የላላ ሚስማር የምሰማ ሰው፣ ወጥ ቤት ቆመሽ በስልክ የምታወሪውን አልሰማም?" አልተቆጣም። ያ ከቁጣ ይብስ ነበር፤ ቀጥሎ ያለው ግን አቀለለላት። "ቁልፉን ፍሪጅ ውስጥ ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። እሱ እውነት ነው፤ እኔንም ያስፈራኛል። ሐኪሙ ይየኝ።"

"ሐኪሙ ያይሃል። እኔም አብሬህ እገባለሁ። ክፍሉ ግን ይቅር፤ ነገ ጠዋት ደውዬ ይቅር እላቸዋለሁ።" ዳርሊን አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቀች። "ይቅርታ አድርግልኝ አባዬ።"

"እጅሽን ጥረጊ መጀመሪያ፤ ፊትሽ ሁሉ ቅቤ ሆነ።"

ያኔ አንድ መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ዳርሊን ብድግ ብላ ወዲያና ወዲህ አየች፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ አልታወቃትም።

"በሩቁ በኩል" አላት ሄርሸል፣ ከጫማው ቀና ሳይል።

መኪናው ከተቀመጡበት አሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር። ዳርሊን ሳትጠይቅ ወደ ቀኝ ዞረች።