የኅዳር ነፋስ

“ኅዳር ላይማ አውሎ ነፋስ የለም፣ እናቴ” አለ የጉዞ ወኪሉ አብዱልሰላም፣ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳይነቅል። “እንዲያውም ለካኦሲዩንግ ከኅዳር የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ማን ነው እንዲህ ያለዎት?”

ሄሊና ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ፊቷ ሲግል ይታወቃታል። ከመስኮቱ ሥር የኦሎምፒያ ታክሲዎች ጡሩምባ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ እሷ ግን የምትሰማው የእናቷን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

አብዱልሰላም ፊቱን ወደ እነሱ መለሰ። ነጋዴዎችን ወደ እስያ ሲልክ የኖረ፣ ጢሙ ሸበት ያለ፣ ለማስረዳት የማይሰንፍ ሰው ነው። ከተማዋ በታይዋን ደቡብ ስለሆነች ሙቀት እንደሚያይልባት፣ ዝናቡ ግንቦት መጨረሻ ላይ እንደሚጀምር፣ አውሎ ነፋሱ ደግሞ በእኛ ክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም እንደሚበረታ ነገራቸው። ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱም አንድ ሹራብ ከተደረበ ይበቃል።

“ሌላስ ምን ተባሉ?” አለ ፈገግ ብሎ።

እናቷ ዓለሚቱ ነጠላዋን አስተካከለች። ከሐምሌ ጀምሮ የሰማችውን አንድ በአንድ ተናገረች። ዕድሜው የገፋ ሰው ያለ አጃቢ አይገባም መባሉን፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው እንደሚመለስ፣ ቪዛውም ለወላጅ እንደማይሰጥ። እያንዳንዱን ስትናገር ሄሊና የራሷን ድምፅ በእናቷ አፍ ትሰማ ነበር። ቃላቱን እንኳ አልለወጠቻቸውም።

አብዱልሰላም በትዕግሥት ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ሕግ እንደማያውቅ ነገራት። ቪዛውን የሚሰጥ ቢሮ አዲስ አበባ ስለሌለ ወረቀቱ ወደ ሌላ አገር እንደሚላክ፣ ጊዜ እንደሚወስድ፣ አንዳንዱ ሰው በቻይና ቪዛ የሚገባ እየመሰለው እንደሚሳሳት አስረዳት። እዚያ ያለው ልጅዋ የሚልከው የጥሪ ደብዳቤ፣ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትና የመመለሻ ትኬት ካለ ግን ይሞከራል።

“የነገረዎት ሰው ጥሩ አላደረገም” አለ በመጨረሻ።

ሄሊና አንገቷን ደፋች። አሁን እናቴ ወደ እኔ ትዞራለች ብላ ጠበቀች። ዓለሚቱ ግን ሳቅ አለች፤ እንግዳ ፊት የምትስቀውን አጭር ሳቅ።

“የነገረኝ የለም፣ ወንድሜ። እኔው ነኝ ያምታታሁት። ይቺ ልጄ በደንብ ነግራኝ ነበር፤ ሰው ሲያረጅ የሰማውን ይደበላልቃል። አይደል ሄሊና?”

ሄሊና የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች። አብዱልሰላም “እንኳን እርስዎ፣ እኛም ይደበላለቅብናል” ብሎ ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ዓለሚቱም አመስግናው፣ ከባለቤቷ ጋር ተማክራ እንደምትመለስ ነግራው ተነሳች። ደረጃውን ስትወርድ የልጅዋን ክንድ እንደ ወትሮው አልያዘችም፤ የግድግዳውን ብረት ይዛ ወረደች።

ነገሩ የተጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። የዓለሚቱ የበኩር ልጅ ጉቱ ካኦሲዩንግ ለትምህርት ሄዶ፣ እዚያው የማሽን ዕቃ ከሚሠራ ፋብሪካ ገብቶ ቀርቷል። ሚስቱ ጸደንያ እናቷን በልጅነቷ የቀበረች ናት። ማርገዟንና ኅዳር ማለቂያ ላይ እንደምትወልድ ጉቱ ሲያበስር ዓለሚቱ እልል ብላ ሳትጨርስ “እንግዲህ የማርሳት እኔ ነኝ” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገብሱን አጥባ አሰጣች፣ በሶውን አስፈጨች፣ ለማርያም ማኅበሯ ነገረች፣ የታችኛዋ ጎረቤቷ ሸምሲያ ልብስ ልታመጣ ቻይና የምትመላለስ ናትና ስለ አውሮፕላኑ እሷን ስትጠይቅ ዋለች።

ሄሊናም ለወንድሟ ደስ ብሏት ነበር። የመጀመሪያው ቀን በእውነት ደስ ብሏት ነበር። ሌሊቱን ግን አንድ ሐሳብ ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት፤ እናቷ ስትሄድ ቤት የሚቀሩት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው።

አባቷ አቶ ሆርዶፋ ግራ ጎኑ ከሰነፈ ቆይቷል። ጠዋት የሚያነሳው፣ የሚያጥበው፣ ልብሱን የሚለውጠው ዓለሚቱ ናት። አባቷ ዱሮ በዚሁ በየካ አባዶ፣ አሁን የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ በቆሙበት ምድር፣ በሬ ጠምዶ ያርስ የነበረ ግዙፍ ሰው ነው። ሄሊና ያንን ሰው ትወደዋለች፤ አልጋው ላይ ያለውን ግን ትፈራዋለች። ቦሌ ሚካኤል ካለው የጥርስ ክሊኒክ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛዋ ስትመለስ ከበሩ ላይ ሆና “አባ፣ እንዴት ዋልክ?” ትለውና ወደ ክፍሏ ትገባለች።

አንድ ቀን ዓለሚቱ ለቅሶ ለመድረስ ሰንዳፋ ሄዳ አባትና ልጅ ብቻቸውን ዋሉ። ከሰዓት በኋላ አባቷ ጠራት። ገና ከበሩ ሳለች ሽታው ነገራት። “መጣሁ አባ፣ ስልክ ላይ ነኝ” አለችና በሩን መልሳ ዘጋች። ስልክ ላይ አልነበረችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ዝም ያለውን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ለማንም “እሺ፣ እሺ” ስትል ቆየች። አባቷ ሁለተኛ አልጠራትም። ዓለሚቱ አመሻሽ ላይ ስትደርስ ምን እንደሆነ ገብቷት ሳትናገር አጠበችው። እሱም ሄሊናን አልከሰሳትም። ከዚያ ወዲህ ሄሊና “እንዴት ዋልክ?” ስትለው መልሱን ለግድግዳው ይሰጣል።

ስለዚህ ዋሸች። የእናቷ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም፤ ጉቱ ስለ አየሩና ስለ መግቢያው ሕግ የሚጽፈው ሁሉ በሄሊና ስልክ ነው የሚመጣው። እሱ “ኅዳር ጥሩ ነው” ሲል እሷ “ኅዳር አውሎ ነፋስ አለ ይላል” ብላ ታነባለች። መጀመሪያ አንድ ወር ለማዘግየት ብቻ ነበር። ከዚያ ውሸቱ ሌላ ውሸት እየፈለገ ሄደ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ክሊኒኩ ግማሽ ቀን ይሠራል። ሄሊና ስትወጣ እናቷን በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ጥርሷን ያመማት መስሏት ደነገጠች። ዓለሚቱ ግን ሸምሲያ የጉዞ ወኪሏን ቢሮ እንደጠቆመቻት፣ “ከአንቺ ጋር ሆነን እንጠይቅ ብዬ ነው” ስትል በደስታ ነገረቻት።

ከወኪሉ ቢሮ ወጥተው መገናኛ ሲደርሱ የየካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ አጥሩን ተከትሎ ታጥፏል። ከኋላው ቆሙ። ዓለሚቱ ከኦሎምፒያ ጀምሮ አልተናገረችም። ሄሊና እንድትቆጣት፣ እንድትጮህባት ተመኘች። ሰልፉ ጥቂት ሲንቀሳቀስ እናቷ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀቻት።

“ለጉቱስ ምን አልሽው?”

ሄሊና ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም።

“እማ…”

“ምን አልሽው?”

“አንቺ አውሮፕላኑን እንደፈራሽ ነገርኩት። ሲጠይቅሽ ስለምታለቅሺ ስለ ጉዞው እንዳያነሳብሽ።”

ከፊታቸው ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አያቸውና ፊቱን መለሰ።

“ለካ ለዚህ ነው ‘እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ’ ብቻ ብሎኝ የሚዘጋው” አለች ዓለሚቱ ቀስ ብላ። “እኔ ደግሞ ሚስቱ እንድመጣ አልፈለገችም ብዬ… በዚያች እናት በሌላት ልጅ ስንት ቀን ተቀየምኩ። በጸሎቴ እንኳ ስሟን መጥራት ትቼ ነበር።”

ሄሊና መሬት መሬቱን አየች። ውሸቷ አባቷንና እሷን ብቻ የሚነካ ይመስላት ነበር። ባሕር ማዶ ሆዷ የገፋ ሴት፣ ያላጠፋችው ጥፋት ተቆጥሮባት ቂም ሲያዝባት እንደከረመ አሁን ነው የገባት። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ አነሰባት። “ለምን ያንን ሰውዬ እኔ ነኝ ያምታታሁት አልሽው?” አለች በምትኩ።

“ታዲያ ልጄ ዋሸችኝ ልበለው?”

ታክሲው ሲመጣ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ረዳቱ ሰው እየጨመረ ሲያጠጋጋቸው ትከሻቸው ተነካካ። ዓለሚቱ እስከ ቤት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ቤት ሲገቡ ሸምሲያ ከአቶ ሆርዶፋ ጋር ተቀምጣ ነበር። እነሱ እስኪመለሱ ልትጠብቀው የመጣች ናት። አቶ ሆርዶፋ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ ትራስ ተደግፎ፣ ወደ በሩ እያየ ነው። ሸምሲያ ገና ሳይቀመጡ “እሺ፣ ትኬቱ ለመቼ ተቆረጠ?” አለች።

ዓለሚቱ ነጠላዋን አውልቃ ማጠፍ ጀመረች። በጣም በጥንቃቄ አጠፈችው።

“አልተመቸም። ነፋሱ እውነት ነው አሉ። ለከርሞ ብናደርገው ይሻላል” አለች።

ሄሊና እናቷን አየቻት። ዓለሚቱ ግን አላየቻትም። ነገሩን ጨርሳዋለች፤ ጉዞውንም፣ የልጅዋንም ውሸት፣ አንድ ላይ አጥፋ ልታስቀምጠው ነው። ሸምሲያ “እኔ በኅዳር ነፋስ አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም” ብላ አጉረመረመች።

አቶ ሆርዶፋ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ንግግሩ ስለሚጎተት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል።

“ነፋስ… አይደለም። በእኔ ነው” አለ። “እኔ ነኝ ያሰርኩሽ።”

“ኧረ የጉቱ አባት፣ ተው እንዲህ አትበል” አለች ዓለሚቱ።

እሱ ግን በጤነኛ እጁ የሰነፈውን እጁን ጭኑ ላይ አስተካክሎ አንገቱን ደፋ፤ ግዙፉ አባቷ እንደ ተበዳሪ አንገቱን ደፋ። ሄሊና ያንን አንገት ስታይ ኮሪደሩ ትዝ አላት፤ ስልኩ፣ “እሺ፣ እሺ” የምትለው ድምፅዋ። ለካ በቀጭኑ በር ወዲያ ያ ሁሉ ይሰማው ኖሯል።

“አይደለም አባ” አለች። ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ከፍ አለ። “ነፋስም የለም፣ አንተም አይደለህም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ኅዳር ጥሩ ነው። ጉቱም ጥሩ ነው ብሎ ነበር። እማ እንዳትሄድ ብዬ ነው።”

ሸምሲያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ወጥ ጥጄ መጥቻለሁ የሚል ነገር ብላ ተነስታ ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ነገ ሕንፃው በሙሉ ይሰማል፤ ሄሊና ይህን ታውቃለች።

አባቷ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን መስበር አቃታት።

“እማ ትሂድ” አለች ሄሊና። “ማታ ጉቱ ሲደውል ሁሉንም እኔው እነግረዋለሁ፣ እማ እየሰማች። እዚህ እኔ አለሁ።”

“አንቺ?” አለ አቶ ሆርዶፋ። ራሱን ወዘወዘ። “አንቺ አይሆንም። ሴት ልጄ ነሽ። የወንድሜ ልጅ… ምልኬሳ ይምጣ።”

ዓለሚቱ ምልኬሳ ጠዋት ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት ሊያነሳውና ሊያጥበው እንደሚችል፣ ብትጠይቀው እምቢ እንደማይል ተናገረች። ከዚያ ቆም አለች። ቀኑ ግን ረጅም ነው፤ ምልኬሳ ከሄደ በኋላ ማን እንዳለ ሦስቱም ያውቃሉ። አቶ ሆርዶፋ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ጆሮው ቀልቷል። ሄሊና አባቷ እንደሚያፍር አስባ አታውቅም ነበር፤ የምታፍረው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

ወደ ኩሽና ገብታ ውሃ ጣደች። ለብ ሲል በሳፋ ቀድታ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ መጣችና ከወንበሩ ፊት ተንበረከከች።

“እግርህን ብቻ” አለች። “ዛሬ እግርህን ብቻ ልጠብህ።”

የአባትን እግር ማጠብ ለልጅ የተፈቀደ ነው፤ በደህናው ጊዜ ከእርሻ ሲመለስ በትንንሽ እጆቿ ታጥብለት ነበር። አቶ ሆርዶፋ የሳፋውን ውሃ ተመለከተ። ከዚያ ቀኝ እግሩን ራሱ አንስቶ ውሃው ውስጥ ከተተው።

ግራው ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ሄሊና ከልማዷ የተነሳ ቀና ብላ እናቷን ፈለገች። ዓለሚቱ ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች፤ እያየቻት ቢሆንም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሄሊና እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች፤ አንዱን እጇን ከተረከዙ ሥር፣ ሌላውን ከባቱ ሥር አስገብታ፣ ከባዱን እግር ከወለሉ አነሳችው።