ጎታ ውስጥ የከረመው ጨዋታ

ሙህዲንን ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ወረታ ገበያ ላይ አርባ ዓመት ጨርቅ የለካበት እጅ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ ካላንቀሳቀሰው እንደዚያው ይቀራል ብሏል። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል።

ሚስቱ ዘሊካ እኔ ወዳለሁበት ገጠር፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል፣ ደወለችልኝ።

«አያ አለኸኝ፣ ያ ጨዋታ እርስዎ ጋ አለ?»

«አለ።»

የሙህዲን ወንድም ከጅዳ ያመጣለት ነው፤ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ሁለት ማዞሪያ ያለው ጥቁር ሣጥን። በወጣትነታችን ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሱቁ ጓዳ ገብተን እንጫወት ነበር። ነጭ ነጥብ ትመጣለች፤ ማዞሪያውን እያዞርክ በነጭ ዱላ ትመልሳታለህ። ሌላ ነገር የለውም። ልጆቹ ሲንቁበት «አንተ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎ ሰጠኝ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤቴ ውኃ ሲገባ ጎታ ውስጥ ሩዙ መሀል ቀበርኩት። እኛ ጋ እርጥበት የሚፈራ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው።

አራግፌ ወሰድኩለት። ዘሊካ አሮጌውን ቴሌቪዥን አውጥታ ጠበቀችኝ። ሣጥኑን አልጋው ላይ በመካከላችን አኖርኩት።

«ምን አደከመህ» አለ ሙህዲን። አንደበቱ ይጎትታል። ቢሆንም ግራ እጁን ሰደደ።

ነጥቧን መለሳት። የእኔ ማዞሪያ ግን አልዞር አለኝ። አለፈችኝ። ደግማ አለፈችኝ። ሦስተኛም።

«እያወቅህ ነው» አለ። «አዘንክልኝ?»

«በሚካኤል! አልዞር ብሎኝ ነው።»

«ድሮም ስትሸነፍ ሚካኤልን ትጠራለህ። አምጣው!»

በግራው ወደ ጭኑ ጎተተው። የእኔን ማዞሪያ ሲጠመዝዝ ሣጥኑ አብሮ ዞረ። ደግሞ ሞከረ። አሁንም ዞረ። ልይዝለት እጄን ስዘረጋ ዘሊካ ከኋላ ጋቢዬን ሳበችኝ። ተውኩት።

ተሳደበ። ከዚያ ቀኝ እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ እያለ ወጣ። ሣጥኑ ላይ ወደቀ። ጣቶቹ ጠርዙን ያዙ። ማዞሪያው ቀጭ አለና ከሥሩ ገለባዋ ያልተላጠ አንዲት ሩዝ ዱብ አለች።

«አንተ ገበሬ» አለ፣ «ልትዘራው ኖሯል?»

ከዚያ እጁን አየው። ዘሊካ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ከዜሮ እንጀምር» አልኩት።

«ሦስቱ ይቆጠራል» አለ። ቀኝ እጁን አላነሣም።