በሰማይ የቀረው ቢጫ

ከበቆሎው ማሳ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ኦም»፣ ማለትም አጎት፣ እያልን የምንጠራቸው አዛውንቱ ሻልክም እኔም ዞር አላልንም፤ ሁለታችንም በሰማይ የቀረውን አንድ ትንሽ ቢጫ የሞዴል አውሮፕላን አፍጥጠን እናያለን።

«አይዞህ ልጄ፣» አሉኝ የርቀት መቆጣጠሪያቸውን እንደያዙ። «እኔም ስጀምር ብዙ ከስክሻለሁ።»

«የወደቀው የእርስዎ ነው እኮ!»

«የኔማ ይኸው ይበራል!»

የብርዱን ወራት ሙሉ በሬን ዘግቼ ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የሠራሁት አውሮፕላን ገና ዛሬ መብረሩ ነው። ጥፋቴ፣ ቅርጹን ከእሳቸው ገልብጬ በእሳቸው ትራፊ ቀለም መቀባቴ ነበር። የብሉምፎንቴን ክለባችን ሰዎች ከወንበራቸው ተነሥተው ከበቡን።

«ጣትህን ከመቆጣጠሪያህ አንሳ፤ አየር ላይ ሲንከባለል ላሳይህ፣» አሉ ኦም ሻልክ።

እየፈራሁ አነሣሁ። የመቆጣጠሪያቸውን እጀታ ወደ ቀኝ ገፏት። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ነፋሱ ነው፣» ብለው ደግመው ገፏት። አሁንም ቀጥ ብሎ ሄደ።

እኔ የራሴን እጀታ ወደ ግራ ነካ አደረግሁ። ሦስት ጊዜ ተንከባለለልኝ።

«እልል!» አለ ከኋላ አንዱ። «ኦም ሻልክ የሰው አውሮፕላን እያዩ የራሳቸውን በቆሎ ውስጥ ዘሩ!»

ላጽናናቸው አሰብኩ፤ ግን ዓይኔን ከሰማይ መንቀል አልቻልኩም። የመኪናቸው በር ሲዘጋ፣ ከዚያም ሞተሩ እየራቀ ሲሄድ ብቻ ሰማሁ።