ሙርሳልን በጨው የሸጠው ሰው

ወላሂ፣ ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ጢሜን ፍየል ይጋጠው። ይህንኑ መሐላ ለሼኽ ዓብዱልባሲጥም ምዬላቸዋለሁ። ሼኹ ለማንም እንዳያዳሉ ተብለው ከጎረቤት መንደር ለዳኝነት የተጠሩ ሽማግሌ ናቸው። በቀርከሃው ዳስ ጥላ ሥር ምንጣፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ጢሜን ቀና ብለው አዩና፣ «ፍየል አናጣም፤ ብቻ ተናገር» አሉኝ።

ከሳሹ እኔ ጁምዓ ነኝ፤ ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ ሰው ቀርቶ አህያ እንኳ በስም የሚያውቀኝ ነጋዴ። ተከሳሹ ኻሚስ ነው። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኻሚስ ከነፊር ይውጣ። ነፊር መንደሩ ተጠራርቶ የአንዱን ሰው ማሳ በአንድ ላይ የሚያርምበት፣ የሚያጭድበት ደቦ ነው። ከነፊር የወጣን ሰው ማንም አይደርስለትም። የኻሚስ ማሽላ ደርሶ አንገቱን ደፍቷል፤ ልጆቹ ገና ለማጨድ አልደረሱም። ነፊር ካልመጣለት እህሉን ወፍ እንደሚጨርሰው፣ ክረምቱንም ቤተሰቡ በረሃብ እንደሚያሳልፈው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይገባዋልም። ወንድሜን ሙርሳልን በጨው ሸጦታል።

«ከመጀመሪያው ጀምር» አሉ ሼኹ።

ጀመርኩ። ፈረንጆች እርስ በርሳቸው የተፋጁ ጊዜ እኛ አንድ ጥይት ሳንሰማ ጨው ጠፋብን። ከሱዳን የሚመጣው ጨውና አቡጀዲ ቀረ፤ ግመሉ ሁሉ የጦር ስንቅ ሊጭን ተነዳ ተባለ። ከደጋ አሞሌ ያመጡልን የነበሩትም እግራቸውን ሰበሰቡ። ሴቶቻችን ከወንዝ አሸዋ ወርቅ ያጥባሉ፤ ዱቄቱን በጥንብ አንሣ ላባ አገዳ ውስጥ ይሞሉና አፉን በሰም ይደፍኑታል። በዚያ ዘመን በየቤቱ ጣሪያ ወርቅ የሞላ አገዳ ተሰክቶ፣ ከሥሩ ሰው ሣር አቃጥሎ የአመዱን ውኃ እያጠለለ ወጥ ያጣፍጥ ነበር። የእኔ ቤት ወርቅ ብቻ ቢፈስ አሶሳን እስከ ጉልበት ያጥለቀልቃት ነበር።

«እስከ ቁርጭምጭሚት አድርገውና እንራመድበት» አሉ ሼኹ።

ሰው ሳቀ። ኻሚስ ብቻ አልሳቀም። ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በጭራሮ ይጭር ነበር።

ቀጠልኩ። የሙርሳል ልጅ ታሞ ነበር። ሚስቱ ኢቲዳል ጨው የሌለው ገንፎ ስትሰጠው እየተፋ፣ ልጁ ከስቶ ክንዱ የቀርከሃ ቀንበጥ አከለ። ስለዚህ ወርቁን ይዘን ወደ ድንበሩ ገበያ ወደ ኩርሙክ ተነሣን፤ ሙርሳል፣ ኻሚስና እኔ። መንገድ ላይ ሁለት አንበሶች ገጠሙን። አንዱን በጦር፣ ሌላውን በዓይኔ ብቻ መለስኩት።

«ለእኔ ስትነግረኝ አንበሳው አንድ ነበር» አለ ኻሚስ፣ ከመሬቱ ቀና ሳይል።

«ከዚያ ወዲህ ወልዶ ይሆናል» አሉ ሼኹ። «ቀጥል ልጄ። ኩርሙክ ደረሳችሁ።»

ደረስን። እዚያ ለጦሩ ግመል ጫኝ የሚመለምል አንድ ደላላ ተቀምጧል። ከኋላው ጨው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ወርቃችንን ስናሳየው እንደ አሸዋ አየው። «ወርቅ ግመል አይጭንም» አለን። «ጨው የምሰጠው ለሰው ነው። ጠንካራ ወንድ የሰጠኝ ስልቻ ሙሉ ይወስዳል። ለቤተሰቡም በየወሩ ሌላ ስልቻ ይላካል።» ይህን ስሰማ ሰይፌን መዘዝኩ። አርባ ወታደር ወረደብኝ። ሠላሳውን ጣልኩ፤ የቀሩት በግመል ገመድ ጠፈሩኝ። እንደታሰርኩም አየሁ። ኻሚስ እጁን በሙርሳል ትከሻ ላይ አሳርፎ ወደ ደላላው ገፋው። ስልቻውን ተሸክሞ ወጣ። ሙርሳል ዞሮ አየኝ።

በእጄ ወደ ኻሚስ አመለከትኩ። ይህ ኻሚስ የባዕድ ልጅ አይደለም። ከእኔና ከሙርሳል ጋር በአንድ ገበታ ያደገ ነው። እናቴ ከእኛ አስቀድማ የምታጎርሰው እሱን ነበር፤ የሙት ልጅ ነው ብላ። ጠላት ቢሸጠው እንደ ሰው አዝኜ ዝም ባልኩ። የእናቴን ጉርሻ የበላ እጅ ነው ወንድሜን የገፋው።

«ሌላው ስልቻስ? በየወሩ ይላካል የተባለው?» አሉ ሼኹ።

«አልመጣም።»

«አንዱም?»

«አንዱም። ጦርነቱ አለቀ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ጨውም እንደ ድሮው ገበያውን ሞላው። ሙርሳል ግን አልመጣም። የት እንደወደቀ የሚነግረን አላገኘንም። ይሄ ሰውዬ ግን እዚህ ተቀምጦ ማሽላዬን እጨዱልኝ ይለናል።»

የዳሱ ሰው ሁሉ ዓይኑን ኻሚስ ላይ ተከለ። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ በእጄ እንደገባ አወቅሁ።

«ኻሚስ፣ መልስ አለህ?»

«ስልቻውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለ ኻሚስ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም።»

«ሰማችሁ» አልኩ ወደ ሰዉ ዞሬ። «በገዛ አፉ።»

ሼኹ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እየሳቡ፣ «እንግዲህ ነፊሩ...» ብለው ሲጀምሩ፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ሼኻችን፣ ልናገር?»

ኢቲዳል ናት፤ የሙርሳል ሚስት። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ነበር። ልጇ ከጎኗ ቆሟል፤ አሁን አድጎ ትከሻዋ ላይ ደርሷል።

«ተናገሪ ልጄ።»

«ጁምዓ ኩርሙክ አልደረሰም። ገና ከመንደር ሳንርቅ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ተመለሰ። የደረስነው ሙርሳል፣ ኻሚስና እኔ ነን። ወርቁን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ በእኛ ዘንድ ሴት ያጠበችውን ወርቅ ያለ እሷ ማን ይሸጠዋል?»

«ኢቲዳል እኅቴ» አልኳት፣ «ሐዘን ነገሩን አምታቶብሽ ነው። አንቺ እኮ...»

«ልጨርስ፣ ጁምዓ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ደላላው መጀመሪያ የመረጠው ኻሚስን ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው። ኻሚስም እሺ ብሎ ተነሣ። ሙርሳል ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። "የታመመው የእኔ ልጅ ነው፤ አንተ እሷንና ጨውን ቤት አድርስልኝ" አለው። ከዚያ ሄደ። የታሰረ ሰው አልነበረም፤ የተገፋም አልነበረም። ዞሮም አላየን። እኔ ሳለቅስ ኻሚስ ጨውንም እኔንም ተሸክሞ ነው ያመጣን።»

ኻሚስን አየሁት። አሁንም መሬቱን ይጭራል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አላችሁ?» አሉ ሼኹ።

«ኻሚስን እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። ባሏ በራሱ እግር ትቷት ሄደ ከምባል ባሏ ተሸጠ ብባል ይሻለኝ ነበር። ሰው ኻሚስን ሲጠላ እያየሁ ዝም አልኩ። ነፊሩን ይነጥቁታል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን እመልስላት ነበር።

«ያንን ጨው አንተም በልተኸዋል፣ ጁምዓ። በመጣን ማግሥት ቤቴ ገብተህ፣ ገንፎው ጣፍጧል ጨምሪልኝ አልከኝ። ጨመርኩልህ። ሙርሳል የት አለ ብለህ የጠየቅኸኝ ሳህኑን ከጨረስክ በኋላ ነው።»

ልጇን በክንዱ ይዛ ተነሣች።

«ነገ ጠዋት ለአጨዳ ወደ ኻሚስ ማሳ እወርዳለሁ» አለች። «የምትመጡ ኑ።»