ጭነቱን ጨምሪበት

ሾፌሩ ወንድሟ በመኪና ሰው ገጭቶ ከገደለ ወዲህ ቤቱ ቤት አልሆነም። "ደግነቱ የፊዚክስ አስተማሪ እህት አለችኝ" እያለ ተስፋውን ሁሉ እሷ ላይ ጥሏል። አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ በምን አንደበቷ እምቢ ትበለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባድ መኪናው ፍሬን ተይዞ አርባ አምስት ሜትር ተንሸራቶ ነው የቆመው፤ ጥቁሩ የጎማ መስመር አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሏል። እግረኛውን ያገኘው መስመሩ አጋማሽ ላይ ነው። ወንድሟ ግን "በሰዓት በአርባ ነበር የምነዳው" ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። መስመሩ የረዘመው በጭነቱ ነው ባይ ነው። ጠበቃውም ይህችኑ ይዞ ነገ ችሎት ሊቀርብ ነው፤ የቀረው እሷ በሂሳብ ማስደገፏ ብቻ።

ሠራችው። መኪናው ሲሮጥ የያዘው ጉልበት በሙሉ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ሲፋተግ ያልቃል፤ ሁለቱን እኩል ስታደርጋቸው ፍጥነቱ ይወጣል። ምን ዋጋ አለው፣ ክብደቱ በግራም በቀኝም ገባና ተሰረዘ። ፍጥነቱ ከሰማንያ በላይ ሆነ።

"ጭነቱን ረስተሽው ነው" አላት ከኋላዋ ቆሞ ወረቀቱን እያየ። "ሲሚንቶ ነበር እኮ፣ እስከ አፉ። ጨምሪበት።"

"ጋሼ፣ ጭነት ሲበዛ የሚገፋው ጉልበት ይጨምራል፤ የሚይዘው ሰበቃም በዚያው ልክ ይጨምራል። ባዶም ቢሆን ያው ነው።"

"እንዴት ያው ይሆናል? ሃያ ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ።"

እንደገና ሠራች። ሰበቃውን ቀነሰችለት፤ ደረቁን አስፋልት ዝናብ አዘነበችበት። ቁጥሩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ከስልሳ አልወርድ አለ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅ! እሷ ብትደብቀውም ትራፊክ ፖሊሱ አያጣውም፤ የክፍሏ ተማሪዎች እንኳ ይሠሩታል። በዕድሜዋ አንድ ቀን ልትደርስለት፣ ያውም በሙያዋ፣ ይኸው እጇን አጣጥፋ ቀረች።

ወንድሟ "እሺ፣ እውነትም በአርባ ብሆን ኖሮስ?" አላት። "ሰውዬው ጋ እደርስ ነበር?"

ለዚህኛው እስክሪብቶም አላስፈለጋት። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ መቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው ነው። መኪናው አሥር ሜትር ግድም ላይ ይቆም ነበር፤ ሰውዬው ከሃያ ወዲያ ነበር። ሆዷ ዋሺው፣ ዋሺው አላት። እሱ ግን መልሱን ከፊቷ ላይ አንብቦ ጨርሷል።

"አትደርስም ነበር፣ ጋሼ።"

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"የሟቹ ሚስት ነገ ችሎት ትመጣለች" አለ። "እሷ ይሄን ባትሰማው።"

ይህንንም ልታደርግለት አትችልም ነበር።