ከማማው የማይታየው ዛፍ

መቶ አርባ ሁለት ደረጃ ነው። ማንም ቆጥሮ አልነገረኝም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉልበቴ እየቆጠረ የነገረኝ ነው። በወደብ ከተማችን በሴኮንዲ፣ ድሮ መርከብ ይጠበቅበት በነበረው ማማ ላይ እንግዳ እየመራሁ እወጣለሁ፤ ከላይ የሚታየውን በጣቴ አሳያለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ምሽጉ ያውላችሁ፣ ያ የሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ነው፣ ያ የባቡሩ ግቢ፣ እነዚያ ደግሞ የታኮራዲ ወደብ ክሬኖች። እንደ ዳዊት በቃሌ እደግመዋለሁ። እውነቱን ልናገር? ሰልችቶኛል። አንዳንድ ቀን አፌ ለብቻው እያወራ እኔ ቤት ስለጨረስኩት ጨው አስባለሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጄ ኤኮው መጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በእናቴ ወንድም ጀልባ ላይ ሞተሩን የሚይዘው እሱ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ሳሽ አገኘኝ።

"እማ፣ ነገ ዎፋ ኮቢና ማማው ላይ ሊወጡ ነው" አለኝ።

እኛ ዘንድ የእናት ወንድም ዎፋ ነው፤ ከአባት ይበልጣል። ጀልባውም መረቡም የሚወርደው ከዎፋ ወደ እህቱ ልጆች ነው።

"በሰባ ስምንት ዓመታቸው? ምን ቀርቷቸው?"

"ቅዳሜ ገበያ ላይ የሌላው ጀልባ ሰዎች፣ የእነ ክዌሲ ልጆች፣ 'ዕውሩ ካፒቴን' ብለው ሰደቧቸው። እሳቸውም በሰው ፊት ፎከሩ። 'ማክሰኞ ኤፉዋ የምትሠራበት ማማ ላይ ወጥቼ በባሕር ላይ የምመራባቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ አስቆጥራታለሁ፤ አንዷ ከጎደለች መቅዘፊያዬን አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ' አሉ።"

ኤፉዋ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ጀልባ አይወጣም። ስለዚህ ጊዜ አላቸው።

"ታዲያ ያስቆጥሩኝ! ምን ቸገረህ?"

ኤኮው ጫማዬን አንስቶ ያገላብጥ ጀመር። እንዲህ ሲሆን አውቀዋለሁ፤ ጉድ አለ ማለት ነው።

"እማ፣ ዛፉ የለም'ኮ።"

ኮረብታው ላይ የነበረውን ግዙፍ ዛፍ ማለቱ ነው። የዎፋ ዋና ምልክት እሱ ነበር። ከባሕር ላይ ሲያዩት ዛፉ ደወል ቤቱ አናት ላይ ቁጭ ያለ ከመሰለ፣ ከጀልባው ሥር ዓሣ የሚሰፍርበት ድንጋይ አለ፤ መረብ የሚጣለው እዚያ ነው። ዛፉ የተቆረጠው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ የስልክ አንቴና ተተከለበት። ዎፋ ያኔ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ እሳቸው ፊት አፉን ይዟል።

"ዓሣውን ታዲያ እንዴት ነው የምታገኙት?"

"በስልኬ ነዋ። ድንጋዩ ያለበት ቦታ ስልኬ ላይ አለ። ስንደርስ የሞተሩን ፍጥነት እቀንስና 'ዎፋ፣ ዛፉ ምን ይላል?' እላቸዋለሁ። ከፊት ተነስተው አሻግረው ያዩና 'ተቀመጠ! ጣሉ!' ብለው ይጮኻሉ። እንጥላለን። ዓይናቸው ከጭጋግ በቀር ምንም አያይም፣ እማ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ። ነገ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ዛፉ አለ በያቸው። የለም ያልሻቸው ቀን ይሞታሉ።"

ንድድ አለኝ። "እናንተ ስትዋሹ ከርማችሁ መጨረሻውን እኔ ልሸከመው? በዚህ ጉልበቴ?" አልኩት። ግን ዎፋ ኮቢና ናቸው ያሳደጉኝ። "እሺ" አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ቢጫ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። ትኬት ካልቆረጥኩ ብለው ከበረኛው ጋር ተጨቃጨቁ። ክንዴን ያዙና ጀመርን። ሠላሳኛው ደረጃ ላይ አረፍን፤ ሰባኛው ላይ ደግመን አረፍን።

"እንዲህ ስታለከልኪ እናትሽ ብታይሽ ታፍርብሽ ነበር" አሉኝ።

"እርስዎስ እንደ ሙሽራ እየዘለሉ ነው?"

"እኔማ አንቺን ላለማሳፈር ነው ቀስ የምለው።"

ላይ ስንደርስ የብረት መከታውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ነፋሱ ባርኔጣቸውን ሊወስደው ሆነ፤ ያዝኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ከተማው አዞሩ፤ ያዞሩት ግን ወደ ባዶው ሰማይ ነበር።

"በይ ጀምሪ። ለእንግዶች እንደምትዪው አድርገሽ" አሉ።

እሱ ነው ጉድ የሠራኝ። 'ዛፉ አለ ወይ?' ብለው ቢጠይቁኝ 'አለ' እል ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድኩት እሱን ነው። ለእንግዶች እንደምትዪው ሲሉኝ ግን አፌ የለመደውን መንገድ ያዘ። ምሽጉን አልኩ፣ የባቡሩን ግቢ አልኩ፣ ክሬኖቹን አልኩ። በየመሃሉ "እሱስ አለ፤ እሺ" ይላሉ። ጉልበቴን ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ አንድ እግሬን አንስቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቀጠልኩ።

"ከደወል ቤቱ በስተጀርባ ኮረብታው ላይ የምታዩት ረጅም ብረት የስልክ አንቴና ሲሆን፣ በቦታው ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች ምልክት የነበረ ትልቅ ዛፍ ነበረ። ዛፉ ከሦስት ዓመት በፊት ተቆርጧል። ወደ ግራ ዞር ስትሉ..."

ወደ ግራ የዞረ የለም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ታወቀኝ፣ ምላሴ ላይ ሳለ ታወቀኝ። ምነው ያን ጊዜ በቆረጠው!

የዎፋ ጣቶች ብረቱ ላይ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ።

"ሦስት ዓመት አልሽ?"

"ዎፋ፣ እኔ..."

"ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ።"

"አዎ።"

"ዓሣውስ?"

"ኤኮው በስልኩ ነው የሚያገኘው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እና እኔ ለማን ነበር የምጮኸው፣ ኤፉዋ?"

አለቀስኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ ምላሴ ነው፣ ደክሞኝ ነው፣ እያልኩ ቀባጠርኩ።

"ተይ በቃ" አሉኝ። "እኔም ደክሞኛል። በዚህ ዕድሜዬ በየሌሊቱ ተነስቶ ዛፍ መፈለግ ቀላል መሰለሽ? አንዳንዴ ያየሁት ይመስለኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ቅጠሉ ሁሉ ይታየኝ ነበር።"

ፀሐይዋ መከታው ላይ እስክትደርስ ቁጭ አልን። ስንወርድ አላረፉም። ታች ስንደርስ "የተባባልነው እዚያው ላይ ይቅር" አሉኝ። ኬንኬይ የምንለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ ገዛሁላቸው፤ አንድ ጉርሻ ቀምሰው መለሱልኝ። በሰው ፊት የፎከሩትን አስታወስኩ። ነገ ከአልጋቸው አይነሱም አልኩ በልቤ፤ ልጄ እውነቱን ነው፣ ገደልኳቸው።

ረቡዕ እንግዳ ሳይመጣ ብቻዬን ወጣሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳልታዘዝ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጀልባዎቹ ከወጡ ቆይተዋል። አንድ በአንድ ፈለግኩ፤ የእኛን በባንዲራው ለየሁት። ከፊት ማንም አልታየኝም። ቆይቶ ጀልባው ዞር ሲል ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ባርኔጣቸው ነው። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ መረቡም ተጣለ። ዎፋ ትናንት የተቀመጡበት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ኤኮው አራት ትልልቅ ዓሣ በገመድ አንጠልጥሎ መጣ። ፊቱ ፈክቷል።

"እግዜር ይስጥሽ፣ እማ! አልነገርሻቸውም ማለት ነው!"

"ምን አሉ?" አልኩት።

"ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር አመጡ። የሞተሩን ፍጥነት ስቀንስ እኔ ሳልጠይቃቸው 'ኤኮው፣ ዛፉ ይታይሃል?' አሉኝ። ምን ልበል? 'ወለል ብሎ ይታየኛል፣ ዎፋ' አልኳቸው። 'ደወል ቤቱ ላይ ተቀምጧል?' አሉ። 'አዎ፣ ተቀምጧል' አልኩ። ሳቁ፣ እማ። ሳቁና መቅዘፊያቸውን ጭኔ ላይ አጋደሙት። 'ዓይንህ ይባረክ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጩህ፤ የኔ ድምፅ ደክሟል' አሉኝ።"

"ጮህክ?"

"ጮህኩ እንጂ። 'ተቀመጠ! ጣሉ!' ብዬ። እሳቸው ከሁሉ ቀድመው የመረቡን ጫፍ ያዙ... እንዴ እማ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?"

"ጉልበቴ ነው" አልኩት።