ሐሙስ ያለ ድቤ

ቤታችን ሊፈርስ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ዐፊፋ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሐሙስን አባታችሁ ያደርግ እንደነበረው አድርገን እንውጣ» አለች። የምንገባበት ኮንዶሚኒየም የት እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ አልጠየቀችም። ሐሙስን ብቻ።

እሪ በከንቱ ሰፈር ያደገ ሰው የእኛን ቤት ሐሙስ ያውቀዋል። አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለችውን የጨርቅ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ይመጣል። ድቤው ከግድግዳ ይወርዳል፣ መንዙማው ይጀመራል። እሱ ያወጣል፣ ቤት ሙሉ ሰው ይቀበላል። ጎረቤታችን እትዬ ጽጌማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ጋ ይቀመጣሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ዱዓ ሲደረግ ግን እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» ለማለት የሚቀድማቸው አልነበረም። ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ታላቅ ወንድሜ ኢልያስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲኑን በደንብ ተማረ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ አለ፣ ጫት ከቤታችን ተባረረ። እውነት ለመናገር ጫቱን በማባረሩ እኔም መርቄዋለሁ። እናቴን ቁጭ አድርጎ የቁርኣን መክፈቻ የሆነችውን ፋቲሓን በትክክል መቅራት ያስተማራትም እሱ ነው፤ ስንት ዘመን እየተሳሳተች ስትሰግድበት ኖራ። መንዙማና ድቤ ላይ ሲደርስ ግን ድርቅ ይላል።

«እማዬ፣ ነቢዩ ያላደረጉትን ነገር አምልኮ ነው፣ ዒባዳ ነው ብለን ማድረግ ቢድዓ፣ ዲን ላይ መጨመር ነው። አባባ ሳያውቅ ነው፣ አላህ ይማረው። እኛ ግን አውቀናል።»

«እሺ ልጄ» አለች እናቴ። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «ቤቱን ዶዘሩ ያፈርሰዋል፣ ሐሙሱን አንተ አፍርሰው!» አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ሽማግሌ እንዳስታረቀው ሰው መጣ፦ ሰው ይጠራ፣ ምግቡም ይቅረብ፤ በመንዙማው ፋንታ ግን አንድ ኡስታዝ አምጥቶ ዳዕዋ፣ የዲን ትምህርት፣ ያሰማናል።

ሐሙስ ደረሰ። ሰፈርተኛው ግማሹ ቀድሞ ወጥቷል። አሮጊቶቹ ከየተበተኑበት ታክሲ እየቀያየሩ፣ ጉልበታቸውን እያሹ መጡ። ኡስታዙ ለጋ ወጣት ነው፣ አንደበቱም ለስላሳ። አላህን አመስግኖ ሲጀምር እናቶች ሁሉ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። በእኛ ቤት የአላህን ስም ጠርቶ የሚናገር ሰው ዱዓ እያደረገ ነው፤ ሌላ ነገር አይተው አያውቁም።

«ድቤ እየመቱ ዒባዳ ማድረግ ከዲናችን አይደለም» አለ ኡስታዙ።

«አሚን!» አሉ።

«ባለማወቅ ብዙ ጥፋት አጥፍተናል።»

«አሚን! አሚን!» እትዬ ጽጌማርያም ከሁሉም በላይ።

ኢልያስ ጎንበስ ብሎ «እናቶች፣ ትምህርት እኮ ነው፤ እጃችሁን አውርዱ» አላቸው። አወረዱ። ኡስታዙ ትንፋሽ ወስዶ ሲቀጥል እጆቹ ተመልሰው ወጡ። እኔ ሳቄን ለማፈን ሻርፔን ነክሻለሁ። በመጨረሻ ኡስታዙ ራሱ ፈገግ አለና ወደ እናቴ ዞረ። «እማማ፣ ይሄ እጅ እንዲሁ አይወርድም። በሉ ዱዓውን እርስዎ ያድርጉልን።»

እናቴ አደረገች። ለሞቱት፣ ለተበተኑት፣ ነገ እዚህ ቦታ ላይ ለሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ለመነች። «ከእኔ የተሻለ የሚያውቅህን ልጄን ኢልያስን አንተ ጠብቅልኝ» ስትል ኢልያስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ድምፅዋ ሳይቋረጥ እዚያው ላይ ዜማ ሆነ። ያሰበችበት አይመስለኝም። ድቤ የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ የሰለለ የአሮጊት ድምፅ ብቻ። ኢልያስ ተነስቶ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም፣ አልተቀበለም።

«ሌቱ እንደ ቀን ሆኖ የበራላቸው…» አለችና ቆመች። ቀጣዩ ጠፋባት። ደገመችው፤ አሁንም እዚያው ላይ ቆመች። አሮጊቶቹ ተያዩ። መቀበል እንጂ ማውጣት የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም፤ የሚያወጡት ሞተዋል። አባባ እንደገና የሞተ መሰለኝ።

«ዛፉም ድንጋዩም ሰላም ያላቸው» አለ ኢልያስ።

አንገቱን እንደደፋ፣ ያለ ዜማ፣ መንገድ ለጠፋበት ሰው አቅጣጫ እንደሚነግር አድርጎ ነው ያለው። ኡስታዙ ዞር ብሎ አየው።

«ድንጋዩ ነቢዩን ሰላም ማለቱ እኮ… ሐዲስ ላይ አለ» አለ ኢልያስ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«አለ» አለ ኡስታዙ ቀስ ብሎ።

እናቴ ስለ ሐዲሱ ያወሩትን አልሰማችም። ስንኙን ከልጇ አፍ ተቀብላ ዜማው ውስጥ ከታዋለች። እኔ ሰው ፊት አለቀስኩ፣ አላፈርኩምም። ኢልያስ ቀና ብሎ አፍ አፏን ያያል፤ ብትረሳ ብሎ የሚቀጥለውን ስንኝ ይዞ ይጠብቃል።